ፀሐይ የመታው ጡት

እመት መስኡዳ ባጃጁ ውስጥ የገቡት የልጅ ልጃቸውን ነጅዋን አዝለው፣ ጃንጥላ በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ ዶሮ ታቅፈው ነው። ዶሮዋ ከጎን የተቀመጠችውን ልጅ ፊት በክንፏ ጠረገቻት። ይቅርታ ለመጠየቅ ዞር ሲሉ የጎረቤታቸው የአቶ ፈንታሁን ልጅ ሰላማዊት ሆና ተገኘች። ሰላማዊት በእሳቸው ግቢ ስትቦርቅ አድጋ፣ አሁን በጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ናት።

«እማማ፣ ደህና አደሩ? ይቺን እንቁላል ጣይ ደግሞ ወዴት ይዘዋት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ ልጄ። ገበያ ወስጄ ልሸጣት ነው። የነጅዋ የጣሳ ወተት አለቀ።»

ሰላማዊት ፊቷ ተለወጠ። ባለፈው ሳምንት ነጅዋን ሚዛን ላይ ያስቀመጠቻት እሷው ነበረች፤ የአራት ወሯ ሕፃን በወር ውስጥ ምንም አልጨመረችም።

«ሉብና ጡቷ ደረቀ እንዴ?»

«ሊደርቅ ምን ቀረው! ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ዓሣ ስትሸጥ ትውላለች። ፀሐይ የመታው ጡት ደግሞ የልጅ ሆድ ይነፋል። ማታ ስትገባ አሳልቤ አስደፋዋለሁ፤ ልጅቱ የጣሳውን ትጠጣለች። እንዲበረክትም ውሃ ጨመር አደርግበታለሁ።»

እመት መስኡዳ ይህን ያሉት በኩራት ነው። ልጃቸው ሙዓዝ በሰው ጀልባ የሚያጠምድ ድሃ ስለሆነ ምራታቸው ሉብና ካልሸጠች ቤቱ አይቆምም። እሳቸው ግን ገንፎ አገንፍተው፣ ከራሳቸው ጉርሻ ቀንሰው አርሰዋታል፤ ክፋት በደጃቸው አላለፈም። ያለ ክፋትም ግን ልጅ ይከሳል።

«እማማ፣ ልጅዎ ነኝና አይቀየሙኝ» አለች ሰላማዊት። «ወተት ጡት ውስጥ አይበላሽም። ፀሐይ ፊትን ያጠቁር ይሆናል እንጂ እዚያ ድረስ አይገባም። የነጅዋን ሆድ የሚነፋው ያ የቀጠነ የጣሳ ወተትና ጡጦው ነው። ጡት በተጠባ ቁጥር ይጨምራል፤ ካልተጠባ ይነጥፋል። እንዲህ ከቀጠላችሁ ሉብና በቅርቡ ጠብታ አይኖራትም። ሳይደርቅ በርጥቡ ነው!»

«እናቶቻችን ሁሉ ተሳስተው ኖረዋል በይኛ!»

«ላሚቱስ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ግጣ ስትመጣ ጥጃው ይጠባት የለም?»

«ላም ሌላ፣ ሰው ሌላ! ስማ እንግዲህ ባለባጃጁ፣ የፈንታሁን ልጅ ከላም ጋር እኩል አደረገችን!»

ሾፌሩ ሳቀ፤ ዶሮዋም አብራ አስካካች። ሰላማዊት ግን በቀላሉ የምትለቅ አይደለችም።

«እሺ፣ ላሟን ተውኳት። እርስዎስ? ሙዓዝን ሲያሳድጉ አጨዳ ውለው ሲገቡ ጡትዎን አልበው ይደፉት ነበር?»

እመት መስኡዳ ቀድሞውንም የጠበቀውን የዶሮዋን እግር ማሰሪያ ያጠብቁ ጀመር። «የዱሮ ነገር ማን ያስታውሳል» አሉ በመጨረሻ። ያስታውሱ ነበር እንጂ፣ ደህና አድርገው።

ከሰላማዊት ጋር ከባጃጁ ወርደው ገበያው ጋ ሲደርሱ ሉብና ዓሣዋን በቅጠል ሸፍና መንገድ ዳር ተቀምጣለች። ነጅዋ የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ከአያቷ ጀርባ ሆና አለቀሰች፤ ወዲያው የሉብና ቀሚስ ደረቱ ላይ ረጠበ። ልጇን ለመቀበል እጇን ዘረጋችና አማቷን አይታ መልሳ ሰበሰበችው።

«አፉ በሉኝ እማ፣ ሳላስበው ነው የፈሰሰው።»

ያን እርጥብ ቀሚስ ሲያዩ እመት መስኡዳ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄደው ራሳቸውን አዩና አፈሩ፤ አዘኑም።

«ምን አጥፍተሽ ነው አፉ የምልሽ? እኔም ጤፍ አጨዳ ፀሐይ ላይ እውል ነበር። አማቴ ድፊው ይሉኛል። የሙዓዝ ለቅሶ አላስችል ሲለኝ ግን ከነዶው ኋላ ተደብቄ አጠባው ነበር። ወላሂ፣ ለአባቱ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም!»

«ታዲያ ሙዓዝ ምን ሆነ?» አለች ሰላማዊት፣ ሳቋን አፍና።

«ምን ይሆናል! ይኸው ጀልባ ብቻውን ይጎትታል። እኔማ አላህ ሸሽጎልኝ ነው እያልሁ ኖርሁ። ለካ መጀመሪያውኑ የሚሸሸግ ነገር አልነበረውም!» ነጅዋን ከጀርባቸው አውርደው ለእናቷ ሰጡ። «እንኪ ልጅሽን። አብሽሪ፣ እኔ ተደብቄ ያደረግሁትን አንቺ በአደባባይ አድርጊው።»

ሕፃኗ ጡቱን ስትይዝ የሉብና እንባ ዱብ ዱብ አለ። እመት መስኡዳ ዶሮዋን ለሰላማዊት አስታቀፉ፤ ጃንጥላቸውን ዘረጉላትና «ዓሣ! የዛሬ ዓሣ!» እያሉ ይጣሩ ጀመር። በዚያች ቀን ዓሣው በጊዜ አለቀ።

ዶሮዋም ሳትሸጥ ተመለሰች። የምታጠባ እናት ከወትሮው አንድ ጊዜ ጨምራ መብላት አለባትና እንቁላሉ ለሉብና ሆነ፤ ሙዓዝም ከሚያጠምደው አንድ ዓሣ ለቤቱ ማስቀረት ጀመረ። ሉብና ጠዋት ከመውጣቷ በፊት በንጹሕ ስኒ ታልብና ትከድናለች፤ አያትየው እሱን ለነጅዋ በስኒው ያጠጧታል። ቀትር ላይ ነጅዋን አዝለው ገበያ ይወርዳሉ። ጡጦው ተጣለ፤ የሆዱ መነፋትም አብሮት ሄደ። ሰላማዊት እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውሃም ቢሆን እንዳይሰጣት፣ ከዚያ ምግብ ተጨምሮ እስከ ሁለት ዓመት እንድትጠባ ስትመክር እመት መስኡዳ አቋረጧት። «ሁለት ሙሉ ዓመትማ ቁርአኑ ላይ አለ፤ ይህንንም አንቺ ልትነግሪኝ ነው?»

በወሩ ነጅዋ ሚዛን ላይ ስትወጣ አያትየው ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አስነበቡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ለእሳቸው ግን ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል።

በሌላ የገበያ ቀን እመት መስኡዳ፣ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት አራስ ጡቷን አልባ ልትደፋ ከገበያው ግንብ ጀርባ ስትሄድ አዩ።

«ነይ አንቺ ልጅ!» ብለው ተጣሩ። ጃንጥላቸውን እየዘረጉም፣ «ልጅሽን አምጪና እዚህ ጋ አጥቢ። ሽንኩርትሽን እኔ እሸጥልሻለሁ» አሏት።