ከኋላ የተጀመረው መሳቢያ

ዝናቡ ባይጥል ኖሮ ልጅቷ ክሊኒኩ ጋ ጎራ ባላለች ነበር። አክስቷ ወደሚሠሩበት ካርድ ክፍል እሳት ጎርሳ ገባች።

"ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?" አሏት አክስቷ።

"የሥራ ፈተና ላይ ሁለት በተራ የተደረደሩ የቁጥር ዝርዝሮች ሰጡኝ፤ የመጀመሪያው ከኋላው ባዶ ቦታ አለው። ሁለተኛውን የመጀመሪያው ውስጥ አስገብተሽ አንድ አድርጊ አሉኝ። ቀላቀልኩና እንደ አዲስ ደረደርኩት። መልሱ ትክክል ነው! ፈታኙ ግን 'ኮምፒውተሩን በከንቱ ታለፊዋለሽ፤ እስከ አሥር ሰዓት ካላስተካከልሽ ሥራውን እርሺው' አለኝ። ኮምፒውተር ይደክመዋል እንዴ?"

"ይልቅ አግዢኝ። ይሄ ካርቶን ከተዘጋው ክሊኒክ የመጣ ካርድ ነው። በቁጥሩ ተራ የእኔ መሳቢያ ውስጥ መግባት አለበት።"

ልጅቷ በንዴት ካርቶኑን አንስታ ጠረጴዛው ላይ ልትዘረግፈው ስትል አክስቷ ጮኹ።

"እጅሽን ሰብስቢ! ሰው ለፍቶ ተራ ያስያዘውን ልትበትኚው ነው? በሽተኛ ውጭ እያቃሰተ እኔ ስለቅም ልዋል?"

"ታዲያ እንዴት ሊያደርጉት ነው? መሳቢያው ከፊት ጢም ብሏል። አንድ ካርድ መሃል በከተቱ ቁጥር የቀረውን ሁሉ ሊገፉ ነው!"

"ባዶው ቦታ የቱ ጋ ነው?"

"ከኋላ።"

"እና ለምን ከፊት ትጀምሪያለሽ? የመሳቢያውን የመጨረሻ ካርድ እዪ፤ የካርቶኑንም የመጨረሻ። ትልቁን ቁጥር ከኋላ ጥግ ክተቺ። ከዚያ ደግሞ ቀጣዮቹን አስተያዪ። ካርቶኑ ሲያልቅ ሥራው አለቀ፤ ከፊት የቀሩት ድሮም ቦታቸው ላይ ናቸው።"

"አንዱ ሌላው ላይ ቢደረብስ?"

"በምን ይደረባል? ባዶው ቦታ ሁልጊዜ ካርቶኑ ውስጥ በቀሩት ካርዶች ልክ ነው።"

ልጅቷ እያኮረፈችም ቢሆን ጀመረች፤ ቁጥር ዘጠኝ መቶ አርባ ከካርቶኑ፣ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ከመሳቢያው። አንዱንም ካርድ ሁለቴ አልነካችም። ንዴቷ አልበረደም፤ አሁን ግን የተናደደችው በራሷ ነበር። አራት ዓመት ተምራ፣ ተደርድሮ የተሰጣትን በትና መልሳ ስትለቅም ነው የተያዘችው። ማሽን ፈጣን ነው ተብሎ ማሰብ ሲቀር እንዲህ ነው የሚሆነው፤ የሌላው ልፋት ይባክናል፣ ደጅ የቆመውም በሽተኛ ቆሞ ይቀራል።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ አሥር መስመር ጻፈችና ላከች። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ነገ ጠዋት ሥራ ጀምሪ የሚል።

"አክስቴ፣ አለፍኩ! እርስዎ እኮ ይህን ሁሉ ያውቁ ኖሯል!"

አክስቷ መስኮቱን ከፍተው የመጀመሪያውን በሽተኛ ጠሩ። ዞር ብለውም አላዩአት።

"ሠላሳ ዓመት እዚህ ስቀመጥ፣ አንድ ቀን ምን ይሠራሉ ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

ጠይቃቸው አታውቅም ነበር።