በጃንሆይ አምላክ ያስቆምኩት ጸሐፊ

ሳጉሬ ሳለን ነው ልጆቼ፣ ገና እግሬ ሳይደክም። ለቦኖ ውሃ ተብሎ ከየቤቱ ገንዘብ ተዋጣ፤ ቦኖው ግን የለም። ድፍርስ የወንዝ ውሃ ልጆቼን ሆዳቸውን እየነፋ ሲያስቸግረኝ፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ልጠይቅ ማዘጋጃ ቤት ተመላለስኩ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው ጸሐፊ፣ ስሄድ “ነገ ይምጡ፣ እትዬ” ይለኛል፤ በማግስቱም ያው ነገ ነው።

አንድ ቀን ወንዝ ልወርድ እንስራዬን እንዳዘልኩ፣ በሩን ቆልፎ ሊሄድ ሲል ደረስኩና “በጃንሆይ አምላክ፣ ይቁሙ!” አልኩት። ያን ጊዜ በንጉሥ ስም የቆመ ሰው ሳይመልስ አይራመድም። ቁልፉን እንደያዘ ድርቅ አለ።

“ገንዘቡ የት ገባ?”

ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እትዬ፣ በፊት በነበርኩበት ከተማ ይህንኑ ጠይቄ ነው እዚህ የወረወሩኝ። አሁን ደግሞ ለእርስዎ ብነግር ኦጎልቾ ቆላ ይሰዱኛል።”

እዚህ የሚለው እኮ ሳጉሬያችንን ነው! ልቆጣ ብዬ ፊቱን ሳየው አሳዘነኝ።

“ለመሆኑ እርስዎ ውሃ ከየት ይጠጣሉ?” አልኩት።

“እርስዎ ከሚቀዱበት ወንዝ።”

“በሉ ይሂዱ፣ ለቅቄዎታለሁ” አልኩትና እንስራዬን አዝዬ ቁልቁል ወረድኩ።