ፋይሉን ያየ ይፈርማል

«የአባታችን ተዝካር ሳይወጣ ስለ መሬት ማንሳት ነውር ነው» ያለኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔም እሺ አልኩት፤ ልቤ ግን አላመነውም። አንድ ቀን ገበያ ደርሼ ልምጣ ብዬ ወጣሁና፣ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን ተከናንቤ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ገባሁ። «የአባቴን የመሬት ፋይል ማየት ይፈቀድልኛል?» ስል ጠየቅኩ። ሠራተኛው ደብዳቤ አምጪ፣ ነገ ተመለሺ ይለኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን «ልጁ አይደለሽ እንዴ? መብትሽ ነው። ፋይሉን ያየ ሰው ግን እዚህ ስሙን ጽፎ ይፈርማል» አለና ከፋይሉ ጋር የተያያዘ መፈረሚያ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ።

ወንድሜ አንድ ቀን እዚህ መጥቶ ስሜን ቢያይስ? እስክሪብቶውን ይዤ ስቆይ፣ «መጻፍ ካልቻልሽ በጣትሽ ፈርሚ እህቴ» አለኝ። «እችላለሁ» ብዬ አቀረቀርኩ። ከእኔ መስመር በላይ የተጻፈው የወንድሜ ስም ነው። ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ፤ የአባታችን ሠልስት በወጣ ማግሥት ነው የመጣው። ፋይሉ ውስጥ ያለውን ገና ሳላየው ፈራሁት። ቢሆንም ከሥሩ ፈረምኩ፤ ተመልሶ ከመጣ እንዳያመልጠው ስሜን አጉልቼ ጻፍኩ።