ሠላሳው ሰደርያ

የሱሪዬን እግር ላሳጥር ብዬ በገባሁበት ልብስ ሰፊ ቤት፣ የሟች ወንድሜ ሰደርያ ሠላሳ ሆኖ ተሰቅሎ አገኘሁት። አመድማ ጨርቅ፣ ድርብ ስፌት፣ በግራ ብብት ሥር የተደበቀች ኪስ። የወንድሜ አስከሬን ሲመጣልን የለበሰው ይህንኑ ነበር። 

ልብስ ሰፊውን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሰው ሲያወራቸው እግራቸውን ከስፌት መኪናው መርገጫ አያነሡም፤ ደንበኛም ልጃቸውም የሚያወራው ከጀርባቸው ጋር ነው። ሰደርያዎቹ የማን እንደሆኑ ብጠይቃቸው፣ ለልጃቸው የስፖርት ማኅበር በነፃ እንደሰፏቸው በኩራት ነገሩኝ። ልጁ አሁን መጥቶ ይወስዳቸዋል፤ ነገ ማለዳ ለሥልጠና ከከተማ ይወጣሉ አሉኝ።

እኔም ማኅበሩ ጎረቤቱን ጠላት ብሎ መሣሪያ የሚያነሣ ቡድን እንደሆነ፣ ወንድሜንም የበላብኝ እሱ እንደሆነ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው።

ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ኀዘን አናውዞሃል። እንዲህ ያለ ቦታ የሚገባው ያጣ የነጣ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ ተቆጪ አባት የሌለው ነው። የእኔ ልጅ መሐንዲስ ነው፤ ርቦትም አያውቅ፣ የሦስት ሰው ነው የሚበላው።»

«እኔም እንደዚያ ስል ነበር ጋሼ። ወንድሜ የሒሳብ መምህር ነበር።»

ከወንድሜ ቀብር በኋላ፣ በዚሁ ቡድን ሰው የጠፋባቸውን አሥራ አንድ ቤቶች እያንኳኳሁ መጠየቄን አጫወትኳቸው። ከጠፉት አንዱ ዳቦ ጋጋሪ፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ የባለሀብት አንድያ ልጅ፣ ሁለቱ ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩ። ድሀም ሀብታምም አለበት። በዘጠኙ ቤት ግን አንድ ዓይነት ነገር ሰማሁ፦ ወደ ቡድኑ ከመግባታቸው በፊት በነበረው ዓመት ቅስማቸውን የሰበረ ነገር ደርሶባቸው ነበር፤ ቤተሰቡም «ቻለው፣ ያልፋል» ብሎ ወሬውን ዘግቶታል።

«ልጅዎ ሥራ ላይ ነው?» አልኳቸው።

የስፌት መኪናው ፍጥነት ጨመረ። ከአራት ወር በፊት በሰው ፊት ተሰድቦ መባረሩን፣ ሊነግራቸው ሲመጣም «ወንድ ልጅ አይነፋረቅም» ማለታቸውን እንዳጎነበሱ አወጡት።

«እንግዲያው ለእነሱ ነገራቸው ጋሼ። እርስዎ ጀርባ ሲሰጡት እነሱ ወንበር ሳቡለት። ጠላት ያሳዩት በኋላ ነው።»

ሊቆጡኝ ዞር ሲሉ በሩ ተከፈተ። ልጁ ባዶ ጆንያ ይዞ ገባ። «አለቀ አባዬ? ቸኩያለሁ።»

ሽማግሌው እግራቸውን ከመርገጫው አነሡ። በአሥር ዓመት ደንበኝነቴ ያ ቤት ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ወንበራቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ።

«ያባረሩህ ቀን ምን ነበር ያሉህ? ያኔ አልሰማሁህም።»

ልጁ ሰደርያዎቹን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ጆንያውን መሬት ላይ ጥሎ ተቀመጠበት።

እኔ ሱሪዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። ልጁ በማግስቱ ከከተማ አልወጣም። ዛሬ የውኃ መስመር ይዘረጋል፤ ሁለት ጓደኞቹንም ከዚያ መንገድ መልሷል። አባትየው ሰደርያዎቹን ተርትረው፣ ሊያወራቸው የሚመጣ ሰው የሚቀመጥበት ትራስ ሰፉባቸው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ቤትህ ያለውን ሰው ተምሯል፣ ጠግቧል ብለህ አትለፈው። የያዝከውን አስቀምጠህ ፊቱን እያየህ ጠይቀው። ወንድሜ ለመጨረሻ ጊዜ ሊያወራኝ ሲመጣ እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።