የቀኙ ጆሮ

— ሄሎ?… ሄሎ?… ወዓለይኩም ሰላም፣ አብዱልቃዲር። እኔ ነኝ፤ ጃዕፈር ካልሆነ ማን ሊያነሳው ነው?… አልሐምዱሊላህ። እማም ደህና ናት፣ ጓዳ ናት።… አንተስ የት ደረስክ? መኢሶ? ጫቱን አስረከባችሁ?… እ?… ይቆራረጣል። ከመኪናው ውረድና አናግረኝ፤ ጋቢናው ውስጥ ሁሉም ሰው ያወራል።

— አሁን ይሻላል።… አዎ፣ ደርሶኛል። ጠዋት አብዱናስር ባጃጁን በር ላይ አቁሞ «ወንድምህ ስጠው ብሎኛል» ብሎ በሶፍት የተጠቀለለች ነገር ሰጠኝ። ስፈታት ጥፍር የምታክል ሜሞሪ ካርድ። ብትጠፋስ አላልክም? የአባዬ የመጨረሻ ሐድራ፣ የመጨረሻ መንዙማው እኮ ነው ያለባት። በሶፍት!… እሺ፣ እሺ፤ አልቆጣም። ገና አልተቆጣሁም።

— ዋናውን ላክልኝ ብዬ የለመንኩህማ ለዚሁ ነው። ያኔ በስልክ የላክልኝ ተጨምቆ፣ ተጨምቆ፣ ገለባው ብቻ ነው የደረሰኝ። ሳሚን ታውቀዋለህ አይደል፣ አብሮኝ የሚያስተምረውን? እሱ ነው «ጃዕፈር፣ አባትህን በዚህ ስልክ መስማት ነውር ነው» ያለኝ።… አዎ፣ እንደዚያ ነው ያለኝ! ትንሿን ማጫወቻም እሱ ነው የሰጠኝ። ሲም የላት፣ ኢንተርኔት የላት፣ ማጫወት ብቻ ነው ሥራዋ። ማዳመጫውን ደግሞ ድሬ ወርጄ ራሴ መርጬ ገዛሁት።… ባለ ገመድ ነው።… ሳቅ፣ ሳቅ። ሁሉም ይስቃል። ተማሪዎቼም «ቲቸር፣ ገመድ ዛሬም አለ እንዴ?» ይሉኛል።

— አቦ አንተ ምን ታውቃለህ! ገመድ አልባው ግማሹን ድምፅ መንገድ ላይ ጥሎት ነው የሚመጣው። ይሄ ግን… ገመዱ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ነው። በጆሮህ ጀርባ ዞሮ ይገባል። ጎማው ጆሮህን ሲደፍነው የጭሮ ከተማ ጸጥ ትላለች። የባጃጁ ጩኸት፣ የመናኸሪያው ረዳት፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ ሁሉም ይጠፋል።… አዎ። ቁርአን አስገባሁበት፣ የድሮ ዘፈን አስገባሁበት፣ ሳምንት ሙሉ እንደ ልጅ ተጫወትኩበት። ስንት ዓመት የማውቀው ዘፈን፣ ከዘፋኙ ጀርባ ክራር ነበረው ለካ! ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ቤት የምሮጠው ለእሱ ነበር። የአባዬን ግን ካርዷ እስክትመጣ ጠበቅኩ።

— ሰማሁት ወይ ትለኛለህ! ከዙሁር ሶላት መልስ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣው መንዙማው አይደለም፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው። አብዱልቃዲር፣ እዚህ… አጠገቤ! ወላሂ ዞር ብዬ አየሁ። ከዚያ ሙሰበሓው፣ የመቁጠሪያው ፍሬዎች አንዱ በአንዱ ላይ ሲወርዱ። ሰው ጫት ሲቀነጥስ። ድቤው ላይ መዳፍ ሲያርፍና ጣት ሲያርፍ ይለያል። ያ የአባዬ ትንፋሽ፣ ከፍ ሊያደርገው ሲል የሚስበው፣ እሱም አለ። አለቀስኩ። አልደብቅህም፣ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።… ቆይ፣ ቆይ። «አልሐምዱሊላህ» ለማለት አትቸኩል።

— እማ! አብዱልቃዲር ነው!… አዎ፣ መኢሶ ነው ያለው።… በልቷል፣ በልቷል።… አገናኝሻለሁ፣ ትንሽ ታገሺ።… በላ ወይ ነው የምትለው። መቼም አንተ ለእሷ ሁሌ እንደራበህ ነው።

— ሄሎ? አለህ?… አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን የድምፅ መቅጃዋን የት ነበር ያስቀመጥካት?… ምንጣፉ ላይ፣ በአንተና በአባዬ መሐል። ትክክል። ያቺ መቅጃ ሁለት ጆሮ እንዳላት ታውቃለህ? ግራውንና ቀኙን ለየብቻ ነው የምትቀዳው። በግራዋ አባዬ ነው ያለው። በቀኟስ ማን ነበር የተቀመጠው?… አንተ። አዎ፣ አንተ ነህ። በስልኬ ሲሆን ሁለታችሁም ተደባልቃችሁ አንድ ትሆናላችሁ። በዚህ ማዳመጫ ግን አባዬ በግራ ጆሮዬ፣ አንተ በቀኝ ጆሮዬ ናችሁ። እኔ መሐላችሁ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ያን ቀን መቀመጥ የነበረብኝ ቦታ።

— አታቋርጠኝ። ሁለተኛውን መንዙማ ሲጨርስ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ሰዉም «አሚን፣ አሚን» ይላል፣ አይደል? ያ ቦታ በስልኬ ላይ ጫጫታ ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጫጫታ ነው እያልኩ ሳልፈው ኖሬያለሁ። በአሚኑ መሐል አባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምን እንዳለ ታስታውሳለህ?… አታስታውስም?… እንግዲያው ልንገርህ። «ጃዕፈር ዱፌ?» አለ። ጃዕፈር መጣ ወይ? አለ። እየደከመው! ስለ እኔ ጠየቀ፣ አብዱልቃዲር! እናንተ እኮ «ምንም ሳይናገር ነው የሄደው» ብላችሁኛል።

— … ሄሎ?… ኔትወርኩ ነው ወይስ አንተ ነህ?… አለህ። ታዲያ ቀኙ ምን ብሎ መለሰለት?… አንተ በል። በአንተ አፍ ልስማው።… አይሆንም? እሺ፣ እኔ እለዋለሁ። «ሂን ዱፉ።» አይመጣም። «ደውዬለት ነበር፤ ሥራ አለብኝ ብሏል።» በቀስታ፣ ጆሮዬ ሥር፣ ምስጢር እንደምታጫውተኝ ሆነህ። ለአባቴ ስለ እኔ የዋሸኸውን መልሰህ ለእኔ ነገርከኝ። ደጋግሜ ከፈትኩት። ምናልባት ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ። ሳልህን ሰማሁት፤ ያቺ ከውሸት በፊት የምትመጣ ሳልህ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ የማውቃት።

— እ?… ኔትወርክ አልነበረም? አባዬ ቤት፣ መቻራ፣ ኔትወርክ የለም ነው የምትለኝ?… አቦ ተወኝ! ኔትወርክ ካልነበረ «ሥራ አለብኝ ብሏል» ያልከው ማንን አናግረህ ነው?… ሐድራው በነበረበት ሐሙስ ስልኬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ክፍል ውስጥ እንኳ አላጠፋሁትም። አባዬ መታመሙን ሰምቼ ልምጣ ስል «ቀለል ብሎታል፣ ከባሰበት ወንድምህ ይጠራሃል» አለችኝ እማ። እስክትጠራኝ ጠበቅኩ። ጠራኸኝማ! አርብ ጠዋት «አባዬ ወደ አኺራ ሄደ» ብለህ ጠራኸኝ። ያን የመቻራ መንገድ፣ ያን ጭቃ፣ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥዬ ስደርስ አፈር ለብሷል። እኔ የያዝኩት አካፋውን ነው። እሱም ከተጠቀሙበት በኋላ፣ ለመመለስ።

— ስማ፣ ሌላውን ልንገርህ። ያ ወሬህ ከመቻራ እዚህ ጭሮ ድረስ መጥቷል፤ ሽማግሌው ሐጂ ሙሜ መስጊድ በር ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ሥራህ አለቀልህ ወይ?» ይሉኛል። እኔ ሞኙ፣ ያሰቡልኝ መስሎኝ «አላለቀም ሐጂ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ» እላቸዋለሁ! ያ ሁሉ ሽማግሌ በጣቱ ጫፍ የሚጨብጠኝ ለምን እንደሆነ ገና ዛሬ ገባኝ። አባቱ ሊሞት ሲል ተጠርቶ ሥራ አለብኝ ያለ ልጅ ነኛ! ትዳር ስንጠይቅ እንኳ «እናስብበት» ብለው የቀሩት… ተወው። እኔም እነሱን ብሆን ፊቴን አዞርበት ነበር።

— ለምን? እሱን ብቻ ንገረኝ።… አልሰማሁህም፣ ጮክ በል።… አዎ፣ ቦታው ነው። አውቀዋለሁ። ታላቁ ልጅ ካለ አባት በታናሹ ራስ ላይ እጁን አይጭንም። እኔ ከመጣሁ ሙሰበሓውም ሐድራውም ለእኔ ሊሆን ነው።… አየህ፣ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው! እኔ ምን ድምፅ አለኝ? መንዙማ ስጀምር ድመት እንኳ ተነስታ ትወጣለች። ድምፁ የአንተ ነው፣ አባዬም ያውቃል፣ ጭሮም ያውቃል። እጁን ጭኖ ሲመርቀኝ፣ እዚያው ላይ «ለአብዱልቃዲር ይሁን» እል ነበር። ሳትለምነኝ የምሰጥህን ነው የሰረቅከኝ።… አዎ፣ ሰረቅከኝ! ሌላ ምን ስም ላውጣለት? ምርቃቱን ሰርቀህ፣ ስሜንም ጨምረህ ወሰድክ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር አሉ።

— አታልቅስብኝ።… መኢሶ መንገድ ዳር ቆመህ አታልቅስ፣ ሰው ያይሃል።… አትማልብኝም! ሰምቼሃለሁ እኮ።

— ምን?… አጥፋው?… አጥፋው ነው ያልከኝ? አባዬን ላጥፋው? አንተን ከእሱ ለይቼ የማጠፋበት መንገድ ቢኖርማ…

— ሐሙስ እዚህ ጭሮ ሐድራ ልትመራ ትመጣ የለ? ሐድራው ላይ፣ ከመጀመርህ በፊት፣ ሐጂ ሙሜ ባሉበት «ጃዕፈርን አልጠራሁትም ነበር» በል። ሌላ አልፈልግም። ቦታህን ያዝ፣ ሙሰበሓውን ያዝ። ስሜን ብቻ መልስልኝ።… አትችልም።… እ?… «ማን ያምንሃል?»… እሱስ እውነትህን ነው። በድምፅ ማጉያ ብከፍተው ጫጫታ ነው። ማዳመጫው ደግሞ ለአንድ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹን ተራ በተራ ጥምጥማቸውን አስገልጬ ጆሯቸው ውስጥ ጎማ ልክተት? አጠገባቸው ሲጮኽ የማይሰሙትን ሐጂ ሙሜን!… ለካ እሱንም አስበህበታል። ጎበዝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው ጠርቶ ጠርቶ ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ሆነ።

— እማ?… መቼ ገባሽ?… ማንም አልጮኸም። ኔትወርኩ ነው፣ አልሰማም ሲለኝ ነው።… ይሄ? ይሄማ ማዳመጫዬ ነው።… አዎ። የአባዬ ድምፅ አለበት። አብዱልቃዲር ነው የላከው።… አሁን? አሁን ልስማው ነው የምትዪው?

— አብዱልቃዲር፣ እንዳትዘጋ። እማ ልስማው እያለች ነው።… አንተ ንገረኝ፤ ሁለቱንም ልስጣት ወይስ የግራውን ብቻ?… የጠየቅኩህ አንተን ነው።… እሺ። እሺ፣ ሆድ ይፍጀው። የግራውን ብቻ ነው የምሰጣት፣ ቀኙን እጄ ላይ እይዘዋለሁ። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ። በዚህ ዕድሜዋ ልጇን እንዲህ ሆኖ እንዳትሰማው ነው።

— ነዪ እማ፣ እዚህ ቁጭ በዪ። ሻሽሽን ትንሽ ገለጥ… እንዲህ። ይሄን በግራ ጆሮሽ።… አያምም፣ ጎማ ነው። ልከፍተው ነው።… ሰማሽው?… ጉሮሮውን ጠረገ አይደል?… ፈገግ አለች፣ አብዱልቃዲር። ሙሰበሓውን ሰምታ ነው መሰለኝ ጣቷን አብራ ታንቀሳቅሳለች። ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሆና አላየኋትም።… ሁለተኛው መንዙማ ላይ ናት።… አሁን አሚኑ ይመጣል።

— ምነው እማ? ለምን አወለቅሽው? ገና እኮ ነው።… ቀኙ? ቀኙ እንኳ ተበላሽቶ ነው፣ አይሰማም…

— እ?… «እሱን ያን ዕለት ሰምቼዋለሁ» ነው የምትዪኝ?

— የት ሆነሽ?… ከመጋረጃው ጀርባ። ከሴቶቹ ጋር።… «አይመጣም» ሲለው ሰማሽው። እንዳልደወለልኝም ታውቂ ነበር?… ታውቂ ነበር። ሁለት ዓመት፣ እማ? ሐጂ ሙሜ እዚህ ቤት ተቀምጠው «ሥራህ አለቀልህ ወይ?» ሲሉኝ ሻይ ስትቀጂላቸው?… «ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ።»… ገባኝ። አይ፣ ገባኝ እማ። አታልቅሺ። እኔ ከመቻራ ርቄ ነበርኩ፤ እሱ ነው አብሮሽ የነበረው። ገባኝ።

— ሄሎ… አብዱልቃዲር። ሰምተሃል?… ሰምተሃል። በል፣ ሐሙስ መጥተህ ሐድራህን ምራ። ማንም ምንም አይልህም፤ እኔም አልልህም። ለማን እነግራለሁ?… አይ፣ «አፉ በለኝ»ን ለእኔ አትበለኝ። የበደልከው ሰው በግራ ነው ያለው።… እማን ላገናኝህ። በልተህ እንደሆነ ንገራት፤ ከቅድም ጀምሮ እሱን ነው የምትጠይቀው።

— እንኪ እማ፣ ስልኩን ያዢ። በቀኝ ጆሮሽ አድርጊው፤ እሱ በዚያ በኩል ነው።… ምነው?… ምን አለሽ?… ዘጋው?