ስድስት ዓመት ያልተመረመረው ባል

እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ልጅ የሌለው ትዳር ስድስት ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። ሚስት አምስት ጊዜ ተመርምራ አምስቱንም ጊዜ ጤነኛ ተብላለች። ባል የተመረመረው በቅርቡ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከአባቱ ተደብቆ ነው። ምርመራውን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ውጤቱን አውቀዋለሁ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ለላቦራቶሪያችን ያሳተምናቸውን ቅጾች ልረከብ ማተሚያ ቤት ገባሁ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት የዚያ ባል አባት መሆናቸውን ያወቅሁት ልጃቸውን ወረቀት መቁረጫው ጋ ቆሞ ሳየው ነው። እሱም አየኝ፤ እጁ ማንሻው ላይ ቀረ።

"እንኳን መጣህ ልጄ" አሉኝ አዛውንቱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። "የተማረ ሰው ስፈልግ ነበር። ምራቴ መካን ናት። እሁድ ዘመድ ተሰብስቦ ወደ አባቷ ቤት ትሸኛለች። አንዲት ማስረጃ ጻፍልኝና ነገሩ በወግ ይለቅ።"

"አባቴ፣ ያላየሁትን አልጽፍም። ልጅ ሲጠፋ ደግሞ የሚመረመሩት ሁለቱም ናቸው።"

"ኧረ ተው! ደግሞ ወንድ ምኑ ይመረመራል? እየው እስቲ፤ አራት እሽግ ወረቀት እንደ ትራስ ነው የሚያነሳው!"

ቅጾቼን ስቤ መቁጠር ጀመርኩ። ምስጢሩ የእኔ አልነበረም።

"አባባ" አለ ልጁ መቁረጫውን አጥፍቶ። "ችግሩ የእኔ ነው።" ወደ እኔ ዞረ። "ንገራቸው፤ ፈቅጃለሁ።"

አዛውንቱ ቀለም በነካው ጨርቅ ንጹሕ እጃቸውን ጠረጉ። "ማን ነው ይህን ያስጠናህ? እሷ ናት?"

"ማንም አላስጠናውም" አልኩ። "ወንድ ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው ዋይ የሚባል ክሮሞዞም፣ ማለትም የዘር መረጃ ተሸካሚ ክር አለ። በልጅዎ ላይ ከዚያ ትንሽ ቁራጭ ጎድላለች። ወንድነቱን አልነካችበትም፤ ዘር እንዳያፈራ ግን አግዳዋለች።"

"ከአባቱ? እንግዲያ ጥፋተኛው እኔ ነኛ!"

"እርስዎማ ወልደዋል። አብዛኛውን ጊዜ አባትየው ላይ የለም፤ በልጁ ይጀምራል። የማንም ጥፋት አይደለም።"

"ሌላ ሚስት ብናገባውስ?"

"ጽሑፉን በሚያትመው ፕሌት ላይ ፊደል ቢጎድል ወረቀት ይቀይራሉ?"

"ቀልደኛ ነህ" አሉ፤ አልሳቁም ግን። ወንበር ስበው ተቀመጡ። "መላውስ?"

"ሐኪም በቀዶ ጥገና ከልጅዎ አካል ዘር ይፈልጋል። ከተገኘ ከሚስቱ እንቁላል ጋር በላቦራቶሪ ይዋሃዳል። ወንድ ከተወለደ ግን ይህንኑ ጉድለት ይወርሳል፤ ሴት አትወርስም። አለበለዚያ ከለጋሽ ዘር መቀበል፣ ወይ ወላጅ ያጣ ልጅ ማሳደግ፣ ወይም ሁለት ሆኖ መኖር ነው።"

"የባዳ ልጅ በእኔ ቤት? ደሜስ?"

"ደምዎማ ይኸው ፊትዎ ቆሟል" አለ ልጁ። "እሷ ስትሰደብ ዝም ያልኩት እርስዎን ፈርቼ ነው። እሁድ እሷ ከወጣች እኔም ተከትያት እወጣለሁ።"

አዛውንቱ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ልጃቸውን አዩ። "እሷስ የትኛው ይሻለኛል አለች?"

"እስካሁን የጠየቃት የለም።"

"እንግዲያው ጥራት" አሉ። "መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ከዚያ እሷ ትናገር።"

እሁድ ዕለት ልጃቸውን አስፈቅደው፣ ጉድለቱ በእነሱ ወገን መሆኑን ለዘመድ ሁሉ ተናገሩ። ስድስት ዓመት በሐሜት ያለቀው ናሙና መስጠቱ አንድ ጠዋት የማይፈጅ ምርመራ ስለተፈራ ነው። በባል ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ ሚስት አምስት ጊዜ ባልተንገላታች፣ ባልና ሚስቱም የሚበጃቸውን በጊዜ ባመዛዘኑ ነበር።

ምራቲቱ የመረጠችው አንድ የቀዶ ጥገና ሙከራ ነበር፤ ካልተሳካ ወላጅ ያጣ ልጅ ማሳደግ። ከቀዶ ጥገናው የመጣውን ናሙና ሦስት ሰዓት በማይክሮስኮፕ ፈለግሁ፤ አንድም ዘር አላገኘሁም። በዓመቱ የአራት ወር ሴት ልጅ ተቀበሉ። ትናንት አዛውንቱ አያቷ ታቅፈዋት መጡ፤ መዘንኳት። በሁለት ወር ውስጥ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ጨምራለች።