በሳንቃው ውስጥ ያለ ስም

የበደላት ፊርመን ነው፤ የባሏ የወንድም ልጅ። ሟቹ ባሏ ኤቫሪስት ጠርቦ፣ እሷ ኤርማንስ ቫርኒሽ ቀብታ የጨረሱትን የመጨረሻ ቫዮሊን «አውታሩን ልቀይርልሽ» ብሎ ወሰደው። ከዚያ የራሱ ስም የታተመበትን ወረቀት ውስጡ ለጥፎ፣ በሙዚቀኞች ጠባቂ በቅድስት ሴሲሊያ በዓል፣ በሚርኩር ከተማ አዳራሽ በተደረገው የቫዮሊን ሠሪዎች ውድድር ተሸለመበት። ቫዮሊኑ እስከ እሑድ እዚያው በመስታወት ሣጥን ተቆልፎ ለሰው ይታያል። እሷም ቁጭ ብላ አጨበጨበች።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ቤት ሄደች። ፊርመን ከኋላዋ ተሰልፏል። ዞር ብላም አላየችው፤ ወሬዋ ከባለ ዳቦዋ ከኦኖሪን ጋር ነው።

«እንዴት አደርሽ፣ ኦኖሪንዬ? ይሄ ብርድ ጉልበቴን ጨረሰው... ጠቆር ያለውን ስጪኝ። ትናንት አዳራሽ አልመጣሽም አይደል? ቀረብሽ! ሌላው ሰው ለአንድ ቫዮሊን ወራት ይለፋል፤ የትናንቱ ተሸላሚ ግን... በአንድ ማንኪያ ሙጫ! ተሰጥኦ እኮ ነው። እጁ ላይ አንዲት ጭረት የለችም። የኔው ሰውዬ መሮ የበላው አውራ ጣቱ አልታጠፍ እንዳለው ሞተ። ምን ያድርግ፣ አያውቅበትማ!

ቀለሙንስ ብታዪው? ቁርጥ የኔን ቀለም! ቫርኒሽ ሳፈላ ሽታው ራሴን አመመኝ እያለ ይሸሽ የነበረ ልጅ፣ መቼ ተማረው ትያለሽ?

ዘመድ አክባሪነቱ ደግሞ! ኤቫሪስት ስሙን በእርሳስ የሚጽፈው ከፊተኛው ሳንቃ በውስጥ በኩል ነበር፣ ሳይገጥመው በፊት። በቫዮሊኑ ፊት ቀዳዳ ቁልቁል ያየ አያገኘውም፤ ትንሽ መስታወት አስገብቶ ሽቅብ ማየት ነው። ያ የተባረከ ልጅ የሟቹን ሳይነካ፣ የራሱን ከታች በትሕትና ለጠፈ። ዛሬ ለሙት ላዩን የሚለቅ ማን አለ?»

ከኪሷ የባሏን ትንሽ መስታወት አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረች። ከኋላዋ የአንድ ሰው ሳል ተሰማ።

«ውይ፣ ብርዱ ሌላውንም ይዞታል... ዳኞቹ ቁርሳቸውን ካንቺ አይደል የሚገዙት? ይቺን ስጪልኝ፤ የልጁን ትሕትና በዓይናቸው ይዩለት።

እሱንማ እግዜር ይባርከው። ዕድሜ ይስጠው፤ እጁን ያለምልምለት። ሲሞት ደግሞ ሥራውን የሚረከብለት፣ ቁርጥ እሱን የመሰለ የወንድም ልጅ አያሳጣው!»